ምድር የእናቴን መውጫ ወሰደች አሉ

ዕድሜዬን በሙሉ ሰበብ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሰበብ ለሰማ ማዕረግ ይሰጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጄኔራል ነበርሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ኃላፊው ጡረታ እስኪወጡ ጠብቄያለሁ። «ሲስተም የለም» ተብዬ ከመቀመጥ ብዛት ሱሪዬ ከወንበሩ ጋር ተዛምዷል። «ማኅተሙን የያዘችው ልጅ አራስ ናት» ተብዬም፣ የወለደችው ልጅ ክርስትና ተነሥቶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ አንደኛ ክፍል ሲገባ ደርሼበታለሁ። ይህን ሁሉ ችዬ ስኖር ማንንም ክፉ ተናግሬ አላውቅም፤ ብናገርም በቀልድ ነው። ዘንድሮ ግን ቀልዱንም የሚያስረሳ ነገር ሰማሁ። የምድር ዛቢያ ከቦታው ስለተንሸራተተ እናትህ ከቤቷ የምትወጣበት መንገድ የለም ተባልሁ።

እናቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው፤ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ እምብዛም ሳይርቅ። ቤቷ ከመንገዱ ገባ ያለ ስለሆነ ወደ አስፋልቱ የምታወጣት አንዲት መተላለፊያ ናት። መተላለፊያዋን ያስቀራት አባቴ ነው። አባቴ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከክር ማሽን ጋር ሲጮህ ስለሚውል ቤት ሲገባ «እንደምን አመሻችሁ» የሚላት እንኳ ለሦስት ሰፈር ትሰማለች። ቦታውን ሲመራ ከጎኑ ካለው ባለ ግቢ ጋር ድንበር መለየት ነበረባቸውና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሽማግሌዎቹ ሜትር አልያዙም። ያስመጡት ቃሬዛ ነው። አራት ጎልማሶች ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው፣ ክርናቸው ምንም ሳይነካ፣ ከቤቱ ደጅ እስከ መንገዱ ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹም በተሸካሚዎቹ ግራና ቀኝ ቅንጭብ እያስተከሉ ተከተሏቸው። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የሰው መውጫ የሚለካው እንዲህ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው በጎኑም ሹልክ ይላል፤ የሞተ ግን ሹልክ ማለት አይችልም።

አባቴ ራሱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድም ቅንጭብ ሳይቧጥጠው በዚያች መተላለፊያ ወጣ። እናቴ እሱ ከሞተ ወዲህ መንኩሳለች፤ ዛሬ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፤ ስንት ዓመት እንዳለፈችው ስትጠየቅ «እሱን ለሚቆጥረው ተዉለት» ትላለች። የእሷ ነገር ያለቀለት ነው። የምትቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ይታወቃል፣ የምትለብሰው ነጠላ ሳጥን ውስጥ ታጥፏል፣ የምትወጣበት መንገድም አባቴ የወጣበት ነው። ሦስቱንም በየዓመቱ ታስታውሰኛለች፤ እኔም በየዓመቱ፣ አንቺ እኔን ቀብረሽ ነው የምትሞች እላታለሁ። እሷም «ከሆነማ አንተም በዚያው ነህ» ትለኛለች።

እንግዲህ ዘንድሮ ከጎኗ ያለው ግቢ ተሸጠና ሎጅ ሊሠራበት ሆነ። አንድ ማለዳ ቅንጭቡ ተነቅሎ አየነው። በማግስቱ ቆርቆሮ ቆመ፤ የቆመው ግን ቅንጭቡ በነበረበት አይደለም፣ ሁለት ሜትር ያህል ወደ እኛ አልፎ ነው። የቀረችልን መተላለፊያ ድመት ብትገባባት ጢሟን ሰብስባ ነው። ሦስት እግር ባለው መሣሪያ የሚለኩ ጎረምሶችም መጥተው ነበር፤ ስጠይቃቸው ስልክ የመሰለ ነገር አሳዩኝና «መስመሩ እዚህ ጋ ነው ይላል» አሉኝ። ማን ነው የሚለው ብላቸው፣ «ያው እሱ» ብለው ወደ ሰማይ ጠቆሙኝ። እግዚአብሔርን መስሎኝ አማተብሁ፤ ለካስ ሳተላይት ነው። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪዳን የምትሄደው በጎረቤቷ ማድ ቤት ውስጥ አልፋ፣ የሽሮ ድስት ተራምዳ ሆነ። ጎረቤቷ ደግ ሴት ናት፤ ቢሆንም ሰው በየማለዳው በድስቱ ላይ መነኩሲት ሲያልፍበት አንድ ቀን መናገሩ አይቀርም።

መሬት የሚለካበት ቢሮ ሄድሁ። ወረፋው እንደ ጥምቀት ነው። ደርሶኝ ስገባ ጠረጴዛው ጀርባ ማንን ባይ ጥሩ ነው፤ አስማረን። አብረን ነው የተማርነው፤ አንድ ዴስክ ላይ፣ አንድ ላጲስ ለሁለት ተካፍለን። ያኔ እንደ ደንገል አገዳ ቀጥኖ ንፋስ የሚያወዛውዘው ልጅ፣ አሁን ከረባቱ ሆዱ ላይ ጋደም ብሎ የሚያርፍ ሰው ሆኗል። ተነሥቶ አቀፈኝ። ጌጤ፣ አልሸበትህም እኮ አለኝ። አንተም ራስህ ላይ የሚሸብት አላስቀረህም አልሁት። ተሳስቀን፣ ስለ ልጆች ተጠያይቀን፣ የሞቱትን አንድ ባንድ አንሥተን አዘንን። ከዚያ ነገሬን ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠ።

«አንተን ለማስረዳት ቀላል ነው፤ አብረን ተምረነዋል» አለኝ። «ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ አንድ ቦታ ተቸንክሮ የተቀመጠ አይደለም። በረዶ ይቀልጣል፣ የጉድጓድ ውኃ ይሳባል፣ ግድብ ይሞላል። ክብደቱ ቦታ ሲለውጥ ዋልታውም ይንሸራተታል። ቲቸር በየነ በቅል ያሳዩን ትዝ አይልህም? የድሮው ካርታ በድሮዋ ምድር ነው የተሠራው። አሁን ምድር ተንቀሳቅሳለች፤ የእናትህም ድንበር አብሮ ሄዷል። እኔ ምን ላድርግ?»

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያናደደኝ ውሸቱ አይደለም። ውሸት ቢሆን ለምጀዋለሁ። ያናደደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ደግሞም ያን ቅል ጠራብኝ። ቅሉን ሲጠራው ከነጭቃው ሽታ ነው የመጣብኝ፤ የሐይቅ ዳር ጭቃ ሽታ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ በክፍላችን መስኮት የሚገባ የተጠበሰ ዓሣ። ወረፋው ከኋላዬ ሲያጉረመርም እኔ ከአስማረ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ወደ ስምንተኛ ክፍል ሄድሁ።

የዚያን ዘመን ባሕር ዳር ለማያውቃት ሰው እንዴት ልንገረው። ከተማዋን የሚቀሰቅሳት የፋብሪካው ጡሩምባ ነበር፤ እሱ ሲነፋ አውራ ዶሮዎች እንኳ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ ይባል ነበር፤ ያለው አባቴ ስለሆነ አልፈርምበትም። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ፣ መሐሉ ብስክሌት ነው። መኪና ሲያልፍ ቆመን እናይ ነበር፤ ሁለት መኪና ተከታትሎ ካለፈ ሠርግ ነው። ብስክሌት በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ይከራያል፤ ሃምሳ ሳንቲም የሌለን ደግሞ ለአንዱ አዋጥተን፣ አንዱ ሲነዳ አምስታችን ከኋላው እንሮጣለን፤ ተከራየን የምንለው ግን ስድስታችንም ነን። ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ የግድግዳው ድምፅ ማጉያ ዘፈን በነፃ። የሻይ ቤቱ ባለቤት የሚወደው ዘፈን አንድ ብቻ ነበረ፤ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን የተዘፈነ፤ ጠዋት ይጀምረውና ማታ ያበቃል። ያንን ዓይን ከእናቴ ዓይን ይልቅ ነው የማውቀው። አሁን በዚያ ማዕዘን ባለፍሁ ቁጥር ጆሮዬ ሳላዘው ይቆማል፤ ሻይ ቤቱ ፈርሶ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ የሚዘፈነውም ዓይን የለውም።

ዓሣውስ? አንድ ሙሉ አምባዛ ከነጢሙ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ታንኳ ቀዛፊው ከደንገሉ ላይ ራሱ አንሥቶ ይሰጥሃል፣ ትንንሾቹን ይመርቅልሃል። ከሐሙሲት ገበያ የሚመለሱ አውቶቡሶች ከነአቧራቸው ሐይቁ ዳር ቆመው፣ ተሳፋሪው ወርዶ በልቶ እጁን በጣና ታጥቦ ይሳፈራል። ዛሬ ዳር ላይ የሚያቀርቡልኝ ዓሣ በዋጋው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ይመስለኛል። እጄን ልታጠብ ብወርድም እንቦጩ ሐይቁን ከድኖት፣ ውኃውን ፈልጌ እስካገኘው ዓሣው ይበርዳል።

ልብሳችን ካኪ ነበር። ካኪው ግን የክፍል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም የታላላቆቻችንን ቤል ቦተም ሱሪ እንሰርቃለን። የእኔ ወንድም ሱሪ ከታች ስፋቱ ሁለት ዶሮ ያሳድራል። ሸራ ጫማችንን የምናነጣው በጠመኔ ነው፤ ጠመኔውን የምናገኘው ከክፍል ነው፤ ስለዚህ የእኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ብዙ አይጻፍም ነበር። ጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር በየነ ይህንን ስለሚያውቁ ጠመኔያቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘው ነበር የሚዞሩት። ቲቸር በየነ የሐረር ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው ከበሩ ስለሚበልጥ ክፍል ሲገቡ ሁልጊዜ እጅ የሚነሡን ይመስሉ ነበር። ሚስታቸው ፋብሪካው ክሊኒክ ነበረች፤ ባሕር ዳር ያመጣቸው የእሷ ሥራ ነው፤ ያስቀራቸው ግን ዓሣው ነው ይላሉ።

አንድ ቀን አንድ ድቡልቡል ቅል በአንድ እጃቸው፣ አንድ ጭብጥ ያህል የሐይቅ ጭቃ በጋዜጣ ጠቅልለው በሌላ እጃቸው ይዘው ገቡ። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከሩት። ቅል ሲሽከረከር ገላው ሁሉ ይሮጣል፤ አናቱ ላይ ግን አንዲት ነጥብ ቆማ ትቀራለች። ሲያቆም በዚያች ነጥብ ላይ በቀይ ጠመኔ ምልክት አደረጉና «ይቺ ዋልታችን ናት» አሉ። ቀጥለው ጭቃውን ከቅሉ ጎን ለጠፉበት። እንደገና አሽከረከሩት። ቀዩ ምልክት አሁን አልቆመም፤ ትንሽ ክብ እየሠራ ይዞራል፣ ቆማ የምትታየው ነጥብ ከጎኑ ሌላ ሆናለች። ሁላችንም ዴስክ ላይ ወጣን። ቲቸር በየነ ሲያስረዱን፣ ጭቃው የዋልታ በረዶ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ክረምት ሲገባ የሚሞላው ጣናችንም በአቅሙ አለበት አሉን፤ ክብደት በምድር ላይ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ምድር የምትሽከረከርበት ነጥብ በገላዋ ላይ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ስንት ያህል ብለን ብንጠይቃቸው፣ ዋልታው እየዞረ የሚመላለስበት ክብ ከአንድ አዳራሽ ብዙ አይበልጥም፣ ቀስ እያለ የሚርቀውም በዓመት ግማሽ ስንዝር ቢሆን ነው አሉን። እኛ ግን ግማሽ ስንዝር ይነሰን? ጣና ምድርን ትገፋለች ሲባል ክፍሉ በኩራት ተነፋ። ጎንደር ላሉት የአጎቴ ልጆች እስክነግራቸው ቸኮልሁ፤ ስነግራቸውም ግማሽ ስንዝሩን አንድ ጋሻ አድርጌዋለሁ።

አስማረ ነው ያኔ ተነሥቶ፣ ዴስኩን እየደበደበ፣ ታዲያ የእኛ ቤት ሄዶ የጌጡን ቤት ሊወጣበት ነው ወይ ብሎ የጮኸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሲስቅ ከዴስክ ወደቀ። ቲቸር በየነ መሳቃችንን ይወዱ ነበር፣ መደብደቡን ግን አይወዱም። አስማረን በሩን አሳዩትና ግቢው ውስጥ ሣር እንዲያጭድ ላኩት። ደወል እስኪደወል አጨደ፤ በመስኮት እናየው ነበር፤ ከሣሩ ይልቅ የሚያወራው በዝቶ ዘበኛው ሁለት ጊዜ ተቆጣው።

ሳቁ ሲበርድልን ቲቸር በየነ የአስማረ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሣር የሚያሳጭደው አጠያየቁ ነው አሉን። ከዚያም ቅሉ ላይ በነጭ ጠመኔ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ጎን ለጎን ሣሉ፣ መሐላቸው መንገድ አደረጉ፤ አንዱን የአስማረ፣ አንዱን የእኔ አሉት። ጭቃውን ካንዱ ጎን ነቅለው በሌላው ለጠፉት፣ አሽከረከሩት፣ አቆሙት። ወጥቼ እንዳይ ጠሩኝ። ዋልታው ሌላ ቦታ ሄዷል። በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለው መንገድ ግን እንዳለ ነው። «ዛቢያው ቢንሸራተት ሁላችሁም ከዋልታው ትርቃላችሁ ወይም ትቀርባላችሁ» አሉ። «ግን ሁላችሁም አብራችሁ ነው። ምድር የአንዱን አጥር አንሥታ በሌላው ላይ አታቆምም። ያንን የሚያደርገው ሰው ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ሲሉ አስማረ ከመስኮቱ ውጪ ሣር እየነጨ ወደ ዘበኛው ይወረውር ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ያልሰማ ሰው፣ ባጨደው ሣር ልክ አድጎ፣ ዛሬ የእናቴን መንገድ በዚያ ቅል ይወስድብኛል። ደሜ ፈላ። እንደሱ ያለ ንዴት የሚመጣብኝ ሰው ቀልዴን ሲያበላሽብኝ ብቻ ነው።

«አስማረ፣ አንተ እኮ ግማሹን ነው የተማርኸው» አልሁት። «ሌላው ግማሽ ሲነገር ሣር ላይ ነበርህ።»

ከበሩ የቆሙት ባለጉዳዮች ሰሙኝ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አስማረ ፊቱ ተለወጠና፣ ይህ ቢሮ ነው፣ ቀልድህን ውጪ ትተህ ግባ አለኝ። ቀልድ የጀመርኸው አንተ ነህ፣ እኔ እናቴ ትውጣ ነው ያልሁ አልሁት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ምድር ወደ እኛ ሁለት ሜትር ከመጣች ብቻዋን አትመጣም፤ ሎጁም አብሮ ይምጣ፣ በዚያኛው ጎኑ ሁለት ሜትር ይልቀቅ። በዚያኛው ጎኑ ያለው የባንክ ግቢ ነው፤ ባንኩም ሁለት ሜትር ይሂድ፣ ከባንኩ ቀጥሎ አስፋልቱ ይነሣ። ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ሐሙሲት ሲደርስ ሻይ ቤቱ ሁለት ሜትር ሄዶበት ተሳፋሪው ገደል ውስጥ ሻይ ይዘዝ። ጢስ ዓባይም ፏፏቴው ሁለት ሜትር ወደ ጎን ይውረድ፣ ፎቶ የሚያነሡትም ካሜራቸውን ያዙሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ካየሁ የእናቴን ሁለት ሜትር በእጄ አንሥቼ እሰጣለሁ። ግን ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ከመላዋ ምድር ላይ የተንቀሳቀሰችው እናቴ ደጅ ያለችው ብቻ ከሆነች፣ እንዴት ያለች ምድር ናት፣ ስትንሸራተት እንኳ ለባለ ሎጅ መርጣ የምትሰፋ?

ወረፋው ሳቀ። ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ ብዙዎቹ እያነባ የሚስቅ ሰው ዓይን ነበራቸው። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው፣ ይለካላቸዋ፣ የሁለቱም ይለካ አሉ። ከኋላ ሌሎች ተቀበሏቸው። አስማረ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ። በመጨረሻ ሐሙስ እንመጣለን አለ።

ሐሙስ መጡ። አስማረም ራሱ መጣ፤ ጫማው አብረቅራቂ ቢሆንም እናቴን ሲያይ ጭቃ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግድ ሆነበት። እናቴ ቢጫ ቆቧን አድርጋ፣ ከመተላለፊያዋ ጫፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አወቀችው። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ስንት ቀን አምጣ እንደወለደችው፣ ልጅ ሳለ ከእኛ ቤት ስንት ጊዜ ቆሎ እንደዘገነ ነገረችው። እሱም ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ እማሆይ ይባርኩኝ አለ። ባረከችው። እኔ ብሆን አልባርከውም ነበር፤ ለዚህ ነው ቆቡን እሷ ያደረገችው።

ጎረምሶቹ በዚህ ጊዜ ሳተላይቱን ትተው በሜትር ለኩ፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነሥተው የሎጁን ግቢ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ የእኛን። የእኛ ሁለት ሜትር ጎደለ። ሎጁ ሁለት ሜትር ወፍሯል። የባንኩ ጎን ንቅንቅ አላለም። የሎጁ ፎርማን ሊያስረዳ አፉን ከፈተና አስማረን ሲያየው ዘጋው። ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱት፤ በነጋታው እናቴ በገዛ መንገዷ ኪዳን ሄደች፣ የጎረቤቷም ሽሮ መነኩሲት ሳትራመደው ተሠራ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር፤ ተናድጄ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ተናድጄ የማወራ ነኝ። ግን ውሳኔውን ለመውሰድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድሁ። አስማረ ለጸሐፊዋ እየነገረ ያስጽፋት ነበር። እኔ መግባቴን አይቶም አላቆመም። «ቀደም ሲል በዛቢያ መንሸራተት ምክንያት ተፈጥሮ የነበረው የድንበር ልዩነት» አላት፤ ቆም ብሎ ጣሪያውን አየ። «ምድር ወደ ቀድሞ ሁኔታዋ በመመለሷ የተስተካከለ መሆኑን እንገልጻለን።» ልጅቷ ጽፋ ጨረሰች። ፊቷን አየሁት፤ ከሌላው ጉዳይ የተለየ ምንም አላየችበትም።

እስኪ አስቡት። አጥር የገፋ ሰው አለ። ዝም ብሎ ያየ ሰው አለ። ተሳስተናል የምትል አንዲት ቃል ከመጻፍ፣ ተራራዋን፣ ውቅያኖሷን፣ በላይዋ ያለነውን ሁሉ ተሸክመው፣ መላዋን ምድር ወደ ቦታዋ መመለስ ቀለላቸው። ቲቸር በየነ በአንድ ቅል ላይ ለማንቀሳቀስ ጭቃ ያስፈለጋቸውን ነገር አስማረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰው። ልከራከረው ስል ቀደመኝ። ጌጤ፣ መንገዱን አገኘህ አይደል፣ ከእንግዲህ ምን ትፈልጋለህ አለኝ ቀስ ብሎ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። በልቤ አሸንፌያለሁ እያልሁ፣ በባጃጁ ውስጥ ለሾፌሩ ነገሩን ሳወራው፣ ሽምብጥ ስንደርስ ሎጁን ብቻዬን በትከሻዬ የገፋሁት ሆኛለሁ።

እናቴ መተላለፊያዋ ላይ ነበረች፤ አዲስ የቅንጭብ ቁራጭ እየተከለች፣ በመዳፏ አፈሩን እየተጫነች። ወረቀቱን አነበብሁላት። እንድትስቅ ብዬ ምድር ስትመለስ የቢሮውን ሰዎች እንዴት እንዳንገላታቻቸው ጨማምሬ ነገርኋት። አልሳቀችም።

«በገዛ ፈቃዷ ሄዳ በገዛ ፈቃዷ ተመለሰች ነው የሚለው?» አለች።

አዎ አልኋት። ዋናው መመለሷ ነው፣ ወረቀት ምን ቸገረን አልኋት። እጇን ከአፈሩ አራግፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ በዚህ የምወጣ አንዴ ነው ልጄ። ያን ቀን ደግሞ ሄዳ ብትገኝስ? ያኔ ቆሜ አልከራከር። አንተም እየሳቅህ ትከራከር ይሆናል እንጂ እያለቀስህ አትከራከርም። ሂድና አጥሩን የገፋው ሰው ነው ይበሉ። ማን እንደሆነ ባይጽፉት እንኳ፣ ሰው ነው ይበሉ።»

ቅንጭቡን አስተክያት ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ቢሮው ሳይከፈት ወረፋው ላይ ነበርሁ። ከፊቴ ጋቢ የደረበ፣ እግሩ የእርሻ አፈር ያልለቀቀው ጎልማሳ ቆሟል። የመጣው ከሰባታሚት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ። አንተስ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ምድር አልተንቀሳቀሰችም ብለው እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁ አልሁት፤ ይስቃል ብዬ። አልሳቀም። ዞር ብሎ ፊቴን በደንብ አየኝ።

«የእኔንም እሷ ናት የወሰደችው ብለውኛል» አለኝ። «ብቻዬን ስነግራቸው አይሰሙኝም። አብረን እንግባ።»